የልጆች ትምህርት በደማምና በኮበር፦ ምርጫው ከቤት ኪራይ ውል ይጀምራል

ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው በምሥራቃዊው ግዛት በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የደማም የመንግሥት ትምህርት ቤት ይሻላል ወይስ የኮበር?

ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ንጽጽሩ የከተማ አይደለም። የሁለቱም ከተሞች ትምህርት ቤቶች በአንድ የግዛቲቱ የትምህርት ዳይሬክቶሬት ሥር ይተዳደራሉ። መጻሕፍቱ አንድ ናቸው፤ ትምህርቱም በነጻ ይሰጣል። ቀድሞ ከ4ኛ ክፍል ይጀመር የነበረው እንግሊዝኛ ከ2021 ወዲህ በሁለቱም ከ1ኛ ክፍል ይሰጣል።

ልዩነቱ የሚገኘው በሰፈርና በሰፈር መካከል ነው። እንደ ኮበሩ ሱቅባ ባሉ ነዋሪ በበዛባቸው የቆዩ ሰፈሮች የመማሪያ ክፍል ይጣበባል። ለመኖሪያ ታስቦ በተሠራና በኪራይ በተያዘ ሕንፃ ውስጥ የሚማር ልጅ፣ ሰፊ ግቢ ባለው የመንግሥት ሕንፃ ከሚማረው እኩያው ጋር አንድ መጽሐፍ ቢይዝም ውሎው አንድ አይሆንም። ግዛቲቱ በትምህርት ቤት ግንባታ አዲስ አይደለችም፤ አራምኮ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ለመሥራት የተስማማው በ1953 ነበር። ይሁንና ከተሞቹ ከሕንፃዎቹ ፈጥነው አድገዋል።

ምዝገባ «ኑር» በተባለው የትምህርት ሚኒስቴር ሥርዓት የሚከናወን ሲሆን የመኖሪያ ሰፈርን ይከተላል። የውጭ ዜጎች ልጆች የሚቀበሏቸው በተወሰነ ቁጥርና ክፍት ቦታ ሲኖር ነው፤ የጸና ኢቃማም ግዴታ ነው። ስለዚህ የኪራይ ውል የፈረመ አባት ሳያስበው ትምህርት ቤትም መርጧል ማለት ይቻላል። ወንድና ሴት ልጅ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ትምህርት ቤቶችን መመዘን ይኖርበታል። ከ2019 ወዲህ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ወንዶች በሴት መምህራን መማራቸው ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ምልልሱን አቅልሎለታል።

ጥራትን በወሬ መመዘንም አያስፈልግም። የትምህርትና ሥልጠና ምዘና ባለሥልጣን ትምህርት ቤቶችን ይገመግማል፤ «ናፊስ» የተባለው አገር አቀፍ ፈተናም በ3ኛና በ6ኛ ክፍል ንባብንና ሒሳብን ይለካል።

ከሕንፃውም ከውጤቱም በላይ የሚከብደው ግን ቋንቋ ነው። በቤቱ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ፣ ቁርኣን አሳምሮ ቢቀራም እንኳ መምህሩ የሒሳብ ጥያቄ በዐረብኛ ሲያብራሩ ላይከተል ይችላል። ፊደል መለየት ንግግርን መረዳት አይደለም። ብዙ ወላጆች ይህን የሚያውቁት የመጀመሪያው መንፈቅ ካለፈ በኋላ ነው። በተቃራኒው፣ ዐረብኛው የሰመረለት ልጅ የአማርኛ ንባብ የሚያስተምረው ያጣል፤ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች ያሉት በሪያድና በጅዳ ሲሆን፣ ቅርብ የምትባለው ሪያድ እንኳ ከደማም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ወደ አገር ቤት መመለስን ለሚያስብ ቤተሰብ ይህ ክፍተት የሚሞላው በቤት ውስጥ፣ በወላጅ ነው።

ቤት ለመለወጥ ያሰበ ወላጅ ውሉን ከመፈረሙ በፊት በሰፈሩ ወዳሉት የወንዶችና የሴቶች ትምህርት ቤቶች ሄዶ ክፍት ቦታ መኖሩን፣ በአንድ ክፍል ስንት ልጆች እንደሚማሩና ዐረብኛ ለሚከብዳቸው ልጆች ምን ድጋፍ እንደሚደረግ ቢጠይቅ ይበጀዋል።