በሰነድ ፊት ላይ የሚሰፍር ዋስትና፦ አቫልና የደሴ-ኮምቦልቻ የዱቤ ንግድ

በደሴ ከተማ ሸቀጥ በጅምላ የሚያከፋፍል ነጋዴ፣ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ባቲ ወስዶ ለሚቸረችር ደንበኛው ዕቃውን በዱቤ ሲለቅ፣ የሚተማመነው በገዢው አቅም ብቻ ሳይሆን ከገዢው ጀርባ በሚቆመው ሰው ጭምር ነው። ይህ ሰው የሥጋ ዘመድ፣ የንግድ ባልደረባ ወይም ስሙ በገበያው የታወቀ ባለሀብት ሊሆን ይችላል፤ ቃሉም በሽማግሌ ፊት የሚሰጥና በይሉኝታ የሚጠበቅ ዋስትና ነው። የገንዘቡ መጠን ሲያድግና ሸቀጡ ከአዲስ አበባ መርካቶ ጀምሮ በብዙ እጅ ሲተላለፍ ግን ቃሉ ወረቀት ላይ መውረዱ አይቀርም። ያ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ቼክ መሆኑ ነው ችግሩን የሚወልደው፤ ሕጉ ለዚሁ ዓላማ ያዘጋጀው የተሻለ መሣሪያ፣ ማለትም አቫል፣ በአገር ውስጥ ንግድ ብዙም ሳይታወቅ ቆይቷልና።

አቫል በሚተላለፍ የገንዘብ ሰነድ ላይ ለተመለከተ የሌላ ሰው ዕዳ፣ በዚያው ሰነድ ላይ በመፈረም የሚሰጥ ዋስትና ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሕግ የገባው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ አራተኛ መጽሐፍ ሲሆን፣ ሕጉን ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ማርቀቅ ጀምረው በሞት ሲለዩ የአገራቸው ልጅ ፕሮፌሰር አልፍሬድ ዦፍሬ ፈጽመውታል፤ የሰነዶቹ ድንጋጌዎችም በ1930 እና በ1931 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የተፈረሙትን የሐዋላ ወረቀትና የቼክ ስምምነቶች የተከተሉ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ የቀድሞውን ሕግ አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጻሕፍት ሲተካ አራተኛውን ስላልነካው፣ የአቫል ደንቦች ከ60 ዓመት በኋላም እንደ ጸኑ ናቸው።

የሚተላለፍ ሰነድ ከተራ የብድር ውል የሚለየው መብቱ ከወረቀቱ ጋር አንድ በመሆኑ ነው፤ ወረቀቱን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው መብቱንም ይዟል፣ ያለ ወረቀቱም መብቱን ማስተላለፍ ወይም መጠየቅ አይቻልም። ከእነዚህ ሰነዶች መካከል የሐዋላ ወረቀት አንዱ ሰው (አውጪው) ሌላውን (ከፋዩን) ለሦስተኛ ሰው እንዲከፍል የሚያዝበት፣ የተስፋ ሰነድ ፈራሚው ራሱ በተወሰነ ቀን ሊከፍል ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ቃል የሚገባበት፣ ቼክ ደግሞ ባንክ ሰነዱ እንደ ቀረበለት እንዲከፍል የሚታዘዝበት ነው። በሦስቱም ላይ አቫል ሊሰጥ ይችላል፤ ሆኖም በቼክ ላይ ከፋዩ ባንክ ራሱ አቫል ሰጪ መሆን አይችልም።

የአቫል አሰጣጥ እጅግ ቀላል ነው፤ አደጋውም ያለው እዚሁ ቅለቱ ላይ ነው። ዋሱ በሰነዱ ወይም በሰነዱ ላይ በሚቀጠል ወረቀት ላይ ለአቫል መሆኑን የሚገልጽ ቃል ጽፎ ይፈርማል፤ ለሙሉው ገንዘብ ወይም ለከፊሉ ብቻ ዋስ መሆንም ይችላል። ለማን ዋስ እንደሆነ መግለጽ ይገባዋል፤ ሳይገልጽ ከቀረ በሐዋላ ወረቀት ላይ ለአውጪው፣ በተስፋ ሰነድ ላይ ደግሞ ቃል ለገባው ፈራሚ ዋስ እንደሆነ ይቆጠራል። ከዚህም በላይ ከአውጪውና ከከፋዩ በቀር ማንም ሰው በሰነዱ የፊት ገጽ ላይ ያለ አንዳች ማብራሪያ ቢፈርም፣ ባዶ ፊርማው ብቻውን አቫል ነው። በእማኝ ፊት መዋዋል በጸናበት አገር ይህ ደንብ በእርግጥ ሊያሳስብ ይገባል፤ ለምስክርነት የተጠራ ሰው ከስሙ አጠገብ «ምስክር» ብሎ ሳይጽፍ በተስፋ ሰነድ ፊት ላይ ከፈረመ፣ ሳያስበው የዕዳው ዋስ ሆኖ ሊጠየቅ ይችላልና።

የኃላፊነቱ ክብደት ጎልቶ የሚታየው በፍትሐ ብሔር ሕግ ከሚታወቀው ዋስትና ጋር ሲተያይ ነው። በፍትሐ ብሔሩ መሠረት ተራ ዋስ ባለገንዘቡ በመጀመሪያ የዋናውን ባለዕዳ ንብረት እንዲከታተል ሊጠይቅ ይችላል፤ ዋናው ዕዳ ፈራሽ ከሆነም ዋስትናው አብሮ ይፈርሳል። አቫል የሰጠ ሰው ግን ዋስ እንደሆነለት ሰው በእኩል ደረጃ ይገደዳል፣ ሰነዱን የያዘው ሰውም ባለዕዳውን ትቶ በቀጥታ እርሱን መክሰስ ይችላል። ለምሳሌ አንድ የኮምቦልቻ ቸርቻሪ ለደሴ ጅምላ ሻጭ የ400 ሺህ ብር የተስፋ ሰነድ ቢፈርምና አጎቱ በአቫል ቢያጸናለት፣ ኋላም ቸርቻሪው ሲፈርም አካለ መጠን ያልደረሰ እንደነበር ቢረጋገጥ፣ የቸርቻሪው ግዴታ ሊፈርስ ይችላል፤ የአጎቱ ግን ይጸናል። አጎትየውን ነፃ የሚያወጣው የሰነዱ የፎርም ጉድለት ነው፤ ይኸውም ወረቀቱ የተስፋ ሰነድ መሆኑን የሚገልጽ ስያሜ ወይም የወጣበት ቀን የሌለው እንደሆነ ነው። ጅምላ ሻጩም ሰነዱን በጀርባው ፈርሞ ለመርካቶ አቅራቢው ካስተላለፈው፣ ሸቀጡ ጥራት አልነበረውም የሚለው የገዢና የሻጭ ክርክር በቅን ልቦና በተረከበው አቅራቢ ላይ አይነሣም።

ይህን ያህል ጥብቅ መሣሪያ ለነጋዴው መመከሩ፣ በቦታው የሚሠራበት ልማድ የባሰ በመሆኑ ነው። በዱቤ ሽያጭ የሚለመደው ገዢው ወይም ዋሱ ወደፊት የሚደርስ ቀን ጽፎ «ለዋስትና» ብሎ ቼክ መስጠት ነው። ቼክ ግን በሕግ እንደቀረበ የሚከፈል በመሆኑ፣ ከተጻፈው ቀን አስቀድሞ ቢቀርብም ባንኩ በሒሳቡ ገንዘብ ካለ ይከፍላል፤ ገንዘቡ ከሌለም ነገሩ «ደረቅ ቼክ» ይሆናል፣ ከዚያም የዱቤ አለመግባባቱ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ሥር እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ወደሚያስከትል ክስ ሊያመራ ይችላል። ለዘመድ ብሎ የፈረመ ሰው ለእስር የሚጋለጥበት፣ ሻጩም ገንዘቡን ትቶ ፖሊስ ጣቢያ የሚመላለስበት ይህ መንገድ ለማንም አይበጅም። የመክፈያ ቀኑ በግልጽ የተጻፈበት የተስፋ ሰነድ ግን ለዱቤ የተሠራ ነው፤ ዋሱም በአቫል ሲፈርም የሚገባበት ኃላፊነት የገንዘብ እንጂ የወንጀል አይደለም።

ለባለገንዘቡም ጥቅሙ አያንስም። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 284 መሠረት በሐዋላ ወረቀት፣ በተስፋ ሰነድና በቼክ የሚቀርብ የገንዘብ ክስ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊታይ ይችላል፤ በዚህ ሥርዓት ተከሳሹ እንዲከራከር የሚፈቀድለት በመሐላ ቃል በቂ ምክንያት ሲያቀርብ ነው። ሆኖም ባለገንዘቡ ቸል ማለት የለበትም፤ በተስፋ ሰነዱ ፈራሚ ላይ ያለው መብት ከመክፈያው ቀን ጀምሮ በ3 ዓመት፣ በጀርባ ፈራሚዎች ላይ ያለው ደግሞ በ1 ዓመት በይርጋ ይታገዳል።

አቫል ሰጪው ዕዳውን ከከፈለ፣ በሰነዱ ላይ ያሉት መብቶች ወደ እርሱ ይተላለፋሉ፤ ዋስ የሆነለትን ሰውና ለዚያ ሰው በሰነዱ የሚገደዱትን ሁሉ መጠየቅ ይችላል። ይህን የሚያደርገው ግን ዋናውን ሰነድ በእጁ ሲይዝ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡን ሲያስረክብ የክፍያ ደረሰኝ ብቻ ይዞ ሳይመለስ፣ የፈረመበትን ወረቀት ራሱን፣ መከፈሉ ተጽፎበት መረከብ ይኖርበታል።