«ብረት ይነዝራል»

በእጃችሁ አምፕሊፋየር ልትሠሩ ስትነሱ ደብረ ብርሃን ውስጥ ቀድሞ የምትሰሙት ምክር «ሳጥኑን በእንጨት አድርገው፤ ብረት ይነዝራል» የሚል ነው።

እኔንም ነዝሮኛል። ከአሮጌ ላሜራ አጥፌ በሠራሁት ሳጥን ውስጥ የኒውትራሉን ሽቦ ከብረቱ ጋር አስሬው ነበር፤ «ኒውትራል ምንም የለውም» ተብዬ። ሳምንት ያህል ያለ ችግር ሠራ። አንድ ማታ የድምፁን ቁልፍ ስነካ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገመዱ ተነቅሎ ተገልብጦ ተሰክቷል። ባለ ሁለት እግር መሰኪያ በሁለቱም ወገን ይገባል። ሲገለበጥ ኒውትራል ያልነው ፌዝ ይሆናል፤ ሳጥኑም 220 ቮልት ይሸከማል።

ጥፋቱ የአሠራሩ እንጂ የብረቱ አልነበረም። እንዲያውም በወጉ ግራውንድ የተደረገ የብረት ሳጥን ከእንጨት ይሻላል፤ የላላ የፌዝ ሽቦ ብረቱን ቢነካ ኤሌክትሪኩ በሰው ሳይሆን በግራውንዱ ይወርዳል፣ ፊውዙም ይቃጠላል። ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ግዙ። አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ በብሎን ከማሰራችሁ በፊት ሥሩ ያለውን ቀለም ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፋቁት፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የቤታችሁ መስመር ራሱ ግራውንድ ከሌለው ግን ሦስተኛው ሽቦ ከንቱ ነው። ከአምፕሊፋየሩ በፊት የቤቱን መስመር አሠሩ።

አምፕሊፋየሩ ሲግል «የኛ ብርድ ያበርደዋል» የሚሉም አሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሙቀቱን ጠርጎ የሚወስደው አየር ስለሆነ፣ ሲሳሳ የሚወስደውም ያንሳል። የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የደጁ ብርድ አይደርስም። ከታችም ከላይም ቀዳዳ አብጁለት፣ ትራንዚስተሮቹን ሰፊ አሉሚኒየም ላይ እሰሩ። 3055 የሚባለው ትራንዚስተር የብረት አካሉ ራሱ ኮሌክተሩ ነውና በመሃል ስስ የማይካ ቁራጭ ሳይገባ ከሳጥኑ ጋር ከተገናኘ ሾርት ያደርጋል። በአንኮበር ጉም ውስጥ የከረመ ዕቃ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ውስጡ ያልበዋል፤ ሳይደርቅ አታብሩት።

ብረቱ ማጉረምረምን ሁሉ ያጠፋል ማለትም ግማሽ እውነት ነው። ከውጭ የሚመጣውን ይከልላል፤ ከትራንስፎርመሩ የሚወጣውን ግን፣ ሳጥኑ አሉሚኒየም ከሆነ፣ አያቆመውም። ትራንስፎርመሩን ከድምፅ መግቢያው ሽቦ አርቁት፣ አዙራችሁም ሞክሩ። አቅጣጫው ብቻ ሲቀየር ጉርምርምታው የሚለሰልስበት ጊዜ አለ።

ገመዱ ተነቅሏል ብላችሁም እጃችሁን ወደ ውስጥ አትስደዱ። ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ቮልቱን ይዘው ይቆያሉ። በትራንዚስተር አምፕሊፋየር ይህ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ቮልት ነው፤ በድሮ ባለ ቫልቭ ሬዲዮ ግን 300 ሊደርስ ይችላል፣ ይገድላል። በሬዚስተር አውርዱትና በቴስተር ለኩ፤ ዜሮ ሲያሳይ ሥራችሁን ቀጥሉ።