በተን ወይስ ታች? የመጀመሪያው አንድሮይድ ስልክ ሁለቱንም ይዞ ነበር

እንጅባራ፦ በአዊ ዞን ስልክ ሊገዛ ወደ ዳንግላ ወይም ወደ እንጅባራ ገበያ የወጣ ሰው በቅድሚያ የሚወስነው በተን ወይስ ታች የሚለውን ነው። ዛሬ ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ቢመስሉም፣ የአሁኖቹ ዘመናዊ ስልኮች ቀዳሚ ግን ቁልፉንም ንክኪውንም በአንድ አካል አጣምሮ የያዘ ነበር።

ይህ ስልክ ኤችቲሲ ድሪም ይባላል፤ በአሜሪካ የተሸጠው ጂ1 በሚል ስያሜ ነው። ለገበያ የቀረበው ጥቅምት 12 ቀን 2001 ዓ.ም ሲሆን፣ በአንድሮይድ ሥርዓት የሚሠራ የመጀመሪያው ስልክ ነው። ማያው 3.2 ኢንች ብቻ ነበር። ወደ ጎን ሲገፋ ተነሥቶ ይንሸራተትና ከሥሩ አምስት ረድፍ ቁልፎች ይገለጣሉ። ካሜራው 3.15 ሜጋፒክስል፣ የባትሪው አቅም 1150 ሚሊአምፔር ሰዓት ነበር፤ ይህም ከዛሬዎቹ የብዙዎቹ ሩብ እንኳ አይሞላም። የጆሮ ማዳመጫ ክብ መሰኪያም አልነበረውም።

ቁልፉ ለጌጥ የተጨመረ አልነበረም። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ሥርዓት በማያው ላይ የሚታይ መጻፊያ ስላልነበረው፣ አንዲት ቃል ለመጻፍ እንኳ ስልኩን መክፈት ግድ ነበር። በማያ ላይ መጻፍ የተቻለው ከወራት በኋላ በመጣው 1.5 በተባለው ማሻሻያ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ ቦታ የሚይዝ ተጨማሪ ክብደት ሆነና ቀስ በቀስ ከዘመናዊ ስልኮች ወጣ።

ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ነው፤ የአማርኛ መደበኛ ፊደል ግን 33 በ7 ሲባዛ 231 ይደርሳል፣ ዲቃሎቹን ሳይጨምር። ይህን ሁሉ በቁልፍ ላይ ማተም ስለማይቻል መፍትሔው ግእዙን በአንድ ቁልፍ፣ አናባቢውን በሌላ ቁልፍ አጣምሮ መጻፍ ነው። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ በ1999 ቢሆንም፣ ቀደምት የአንድሮይድ ስልኮች ፊደሉ ስላልተጫነባቸው በአማርኛ ቦታ ባዶ ሣጥኖችን ይደረድሩ ነበር። በግእዝ ፊደል የሚጻፈው አዊኛም ዕጣው ያው ነበር። ቴክኖ የአማርኛ ፊደል የታተመባቸውን ባለቁልፍ ስልኮች በኢትዮጵያ ማቅረቡ በገጠር የተወደደለት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ንክኪ ማያ ጣትን የሚያውቀው በግፊት ሳይሆን ሰውነት በሚያስተላልፈው ረቂቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ስለዚህ ማያው ላይ ያረፈ የዝናብ ጠብታ ያልታዘዘውን ይከፍታል፤ ጭቃ የደረቀበት ጣት ወይም ጓንት ደግሞ ጭራሽ ላይታወቅ ይችላል። ቁልፍ ግን ሲጫኑት ብቻ ይሠራል። ክረምቱ በሚበረታበት በእንጅባራ ደጋ ድንች ሲቆፍር ለዋለ ሰው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

በቁልፍ ስልክ ብዙ አገልግሎት አይገኝም ማለትም አይደለም። በ2006 ዓ.ም የተጀመረው የ8028 የግብርና መረጃ መስመር ቁጥር እየተጫኑ በድምፅ የሚሰሙት ሲሆን፣ ሲጀመር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ነበር። በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቴሌብርም *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፎቶ አንሥቶ የታመመ ቅጠል ለባለሙያ መላክ ለሚፈልግ ግን ታች ስልክ ያስፈልገዋል።

ያገለገለ ታች ስልክ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት አንድ አጭር የአማርኛ መልእክት ቢያስልክበት ይበጀዋል። ፊደሉ ሣጥን ሆኖ ከታየ ስልኩ የቆየ ነው፤ በአማርኛ የሚላክለትን መልእክት አያነብበትም።