የእግርና የብስክሌት መንገድ በምን ይመዘናል?

ነጋዴ ዕቃ የሚገዛው አይቶ፥ ዳስሶና መዝኖ ነው እንጂ በስሙ ብቻ አይደለም። ቡና ቢሆን ፍሬውንና ጣዕሙን፥ ሱፍ ቢሆን ርዝመቱንና ንጽሕናውን ይመረምራል። መንገድን ግን ብዙዎቻችን «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» በሚል አንድ ጥያቄ ብቻ እንገምተዋለን። ይህ ግምት እንደማይበቃ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ጸሐፊ የሚሠራበት የንግድ ቤት ትምህርቱን ያገኘው በኪሣራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር ስኳርና ጨው በበቅሎ ወደ አንድ የገጠር ገበያ ስንልክ፥ ከሁለቱ መንገዶች አጭሩን መረጥን፤ ትእዛዙንም የጻፍኩት እኔ ነበርሁ። አጭሩ መንገድ ወንዝ ያቋርጥ ነበርና ወንዙ ሞላ። ጭነቱ ውሃው እስኪጎድል ድረስ ሁለት ሌሊት በዝናብ አደረ፤ ስኳሩ ቀለጠ፥ የገበያውም ቀን አለፈ። በረጅሙ መንገድ የሄደ ሌላ ነጋዴ በቀኑ ደርሶ ሸጦ ተመለሰ። ስለዚህ መንገድን ለመገምገም የሚከተሉትን አምስት ነገሮች መመርመር ይገባል።

አንደኛው አቀበቱ ነው። በ1892 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ቀላል ስሌት አውጥቶ ነበር። በሜትር ሲነገር፥ ለ5 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ሰዓት፥ ለ600 ሜትር ያህል አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይታሰባል። እንግዲህ 600 ሜትር የሚያስወጣ የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ሁለት ሳይሆን ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ ይኸውም ለብርቱ ሰው፥ ዕረፍት ሳይጨመር ነው። በመንዝ ደጋ ደግሞ የአየሩ ቀጭንነት ይታከላል። 3,300 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፥ ከቆላ የመጣ እንግዳ ቶሎ ይደክማል። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ ሰውም ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና ስለሚወጣ፥ ካርታ ላይ የሚያየው ርቀት ድካሙን አይነግረውም። ለብስክሌት ነጂ ዳገቱ በመቶ ይለካል፤ በ100 ሜትር ውስጥ 5 ሜትር የሚወጣውን ጭነት ይዞም ቢሆን ይችለዋል፥ 10 ሜትር የሚወጣውን ግን ብዙ ጊዜ ወርዶ መግፋት ግድ ይሆንበታል።

ሁለተኛው የመሬቱ ዓይነት ነው። በበጋ እንደ ንጣፍ የጠነከረ የዋልካ መሬት በክረምት ጎማም ኮቴም ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ መንገድ ሁለት ማዕረግ፥ የበጋና የክረምት፥ መስጠት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መሻገሪያው፥ ውሃውና ማረፊያው ነው። ድልድይ አለ ወይ? የሚጠጣ ውሃ በስንት ሰዓት ይገኛል? ጭጋግና ውርጭ ቢመጣ መጠለያ የት አለ?

አራተኛው ለዓይን የሚሰጠው ነው። ይህ ለጭነት ነጂ ከንቱ ቢመስልም ለእንግዳ ዋናው ሸቀጥ ነው። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የጓሳ ምድር በአገሬው ሕግ ለብዙ ዘመን ተጠብቆ የኖረ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቀድሞው ሥርዓት ከተቋረጠ በኋላም ሕዝቡ ጥበቃውን አልተወም። ጭላዳ፥ ቀይ ቀበሮና ጅብራ እዚያ ይታያሉ። እንግዳ በእግሩ ሲሄድ ያድራል፥ ይበላል፥ በቅሎ ይከራያል፥ የመንዝን ባና ገዝቶ ይመለሳል፤ በመኪና የሚያልፈው ግን አቧራ ብቻ ትቶ ይሄዳል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚቀድመው ጸጥታ ነው። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዶች ተዘግተው፥ እንግዳም ቀርቶ አይተናል። ስለሆነም የዕለቱን ወሬ ሳይጠይቁ መንገድ መጀመር አይገባም።

እነዚህን አምስቱን ከ5 ነጥብ እያረሙ መመዝገብ ይቻላል። ነገር ግን ነጋዴ በሂሳብ ልማዱ ነጥቡን ደምሮ እንዳይሳሳት ይጠንቀቅ። ድልድይ የሌለውን ወንዝ የጓሳ ውበት አይክሰውም፤ ጸጥታ የጎደለውንም መንገድ ልስላሴው አያድነውም። የመንገድ ዋጋ ዝቅተኛው ነጥቡ ነው። ሌሎቹ ነጥቦች የሚጠቅሙት ዝቅተኛው ከታወቀና ከታረመ በኋላ ነው። እንዲያውም ይህ ለአገልግሎት ሰጪ መልካም ምሪት ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ባማረው ላይ ሳይሆን በጎደለው፥ ማለት በእግረኛ ድልድዩ፥ በውሃ ጉድጓዱ ወይም በማረፊያው ላይ ይሆናል።

በእኛ ቤት ዛሬ ለዚህ የተለየ መዝገብ አለ። ከገጠር የሚመለስ ነጂ ሂሳቡን ከማስረከቡ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከነወሩ ያስመዘግባል። ወጪው አንድ ደብተር ብቻ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው፥ እኛ የቀለጠውን ስኳር እንኳ ለመልቀም አልቻልንምና፥ ሌላው ነጋዴ ከእኛ ኪሣራ በነጻ እንዲማር ይህን ጽፈናል።