መኪናዎ ጎርፍ ውስጥ ከጠፋች ቁልፉን አይንኩ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰዓት የዘለቀ ዶፍ አስፋልቱን ወንዝ ለማድረግ ይበቃል። ቱቦው በፌስታልና በአፈር ስለተደፈነ ውሃው መሄጃ አጥቶ ዝቅ ያለው መንገድ ላይ ይተኛል። ከፊትዎ ያለው ሚኒባስ ሰንጥቆ ሲያልፍ ያያሉ፤ እርስዎም ተከትለው ይገባሉ። መሐል ላይ ሞተሩ ቀጥ ይላል። ታዲያ ምን ይደረግ?

ሞተሩን እንደገና ለማስነሳት አይሞክሩ። አንዴም ቢሆን። ከኋላ ክላክስ ይጮኻል፤ ዳር የቆመው ሁሉ «ሞክረው! ሞክረው!» ይላል። አይስሙ። ጋራዥ ውስጥ ተበትነው ከሚታዩት ጎርፍ ያገኛቸው ሞተሮች መካከል ከጠፉ በኋላ በተደረገ ሙከራ የተሰበሩ አሉ።

ለምን? ሞተር የሚሠራው አየር ስቦ፣ አምቆ፣ ከነዳጅ ጋር አቃጥሎ ነው። አየር ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም። አራት ሲሊንደር ያለውን 1300 ሲሲ ሞተር እንውሰድ። የአንዱ ሲሊንደር ድርሻ 325 ሲሲ ገደማ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ሲጨርስ የሚተርፈው ቦታ ግን 35 ሲሲ አካባቢ ብቻ ነው፤ ግማሽ ሲኒ ቡና በሉት። ከዚያ የበለጠ ውሃ በአየር ማስገቢያው በኩል ከገባ ፒስተኑ መውጫ ያጣል። ሞተሩ ግን ከታች መግፋቱን አይተውም። ያን ጊዜ ቢዬላው ይጣመማል። ቢዬላ ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ብረት ነው።

ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ምንም ነገር ላይጣመም ይችላል። ውሃው ገብቶ እሳቱን አጥፍቶት ብቻ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር፣ ፒስተኖቹን በጉልበት ያዞራል። አንዱ ሲሊንደር እሳት አግኝቶ ውሃ ያለበትን ከገፋው ነገሩ አለቀ። በግፊ ወይም በገመድ ጎትቶ ማስነሳትም ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል።

«የእኔ ናፍጣ ነው፣ ምንም አይሆንም» የሚሉ አሉ። ናፍጣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥል ካንዴላ ስለሌለው ውሃ ሲረጭበት ቶሎ አይጠፋም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ናፍጣ አየሩን ከቤንዚን ይበልጥ ስለሚያምቅ ከፒስተኑ በላይ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። ለመሰበር የሚበቃው ውሃም ትንሽ ነው። ሳይጠፋ መግፋቱን ስለሚቀጥል ደግሞ ሲሰበር ክፉኛ ነው።

አሁን ከውሃው እንውጣ። ውሃው የሚፈስ ወይም እየጨመረ ያለ ከሆነ መኪናውን ትተው ሰው ይዘው ይውጡ። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎርፍ ብዙ ትንንሽ መኪናዎችን ማንሳፈፍ ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ፒክአፑንም ይዞ ይሄዳል። በተለይ በምሥራቅ በኩል የሚነዱ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ በድንገት ይሞላል፤ ዝናቡ የዘነበው ደጋው ላይ ነውና። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ከተማዋን የመታው ጎርፍ በሌሊት የመጣ ነበር፤ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል።

ውሃው የተኛ ከሆነ ማርሹን ነጻ አድርገው ያስገፉ። ሰፈር ውስጥ ገፊ አይጠፋም፤ የሻይ መስጠት ነው። ደረቅ ቦታ ሲደርሱ ኮፈኑን ከፍተው የባትሪውን ነጌቲቭ ይፍቱ። በአብዛኞቹ የጃፓን መኪናዎች 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃዋል። እርጥብ የኤሌክትሪክ መስመር ኮረንት ካለበት በፍጥነት ይዝጋል፤ ኮረንት ከሌለው ግን ደርቆ ሊተርፍ ይችላል።

ከዚያ ፎቶ ያንሱ። ከውጭም ከውስጥም፣ ውሃው የደረሰበት መስመር እንዲታይ አድርገው። ይህን ሳያደርጉ አያሳጥቡ። መስመሩ ሁለት ነገር ይነግርዎታል፦ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነና ኢንሹራንስ ጋ ምን ማስረዳት እንደሚችሉ። ውሃው ከወለሉ በታች ከቀረ ጉዳዩ የፍሬንና የኩሽኔታ ነው። መቀመጫው ከደረሰ የኤሌክትሪክ ሥራ ይጠብቅዎታል፤ የኤርባግ መቆጣጠሪያው ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው መሐል ላይ፣ ማርሹ አካባቢ ወለሉ ላይ ነው። ዳሽቦርዱን ካለፈ ግን ልብዎን ያደንድኑ። ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ጋር ሊወዳደር ይችላል።

ወደ ጋራዥ ሲወስዱ ክሬን ቢያገኙ ይሻላል። ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ጎማዎች መሬት ሳይነኩ ነው መሄድ ያለበት።

ጋራዥ ውስጥ ምን መደረግ አለበት? መካኒኩ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን፣ በጋራዥ ቋንቋ ፊልትሮውን፣ ያያል። ደረቅ ከሆነ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ውሃ ወደ ሲሊንደር አልገባም ማለት ነው። እርጥብ ከሆነ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይወጣሉ። ከዚያ ሞተሩ በእጅ፣ በብሎን መፍቻ፣ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ውሃው በካንዴላው ቀዳዳ ይወጣል። ፊትን ማራቅ ነው። ሲሊንደሮቹ ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረጋል፤ እርጥብ ብረት በአንድ ሌሊት መዛግ ይጀምራልና። «ነገ እናየዋለን» ለሚል መካኒክ ይህን ያስታውሱት።

ቀጥሎ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስቦ ማየት ነው። ዘይቱ ነጣ ብሎ አረፋ ከያዘ ውሃ ተቀላቅሎበታል። ይቀዳል፤ ከነማጣሪያው ይቀየራል። ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ተነስቶ ከሠራ በኋላ እንደገና ይቀየራል። አሁንም ካልጠራ ሦስተኛ ዙር ይደረጋል። ሁለተኛው ዙር ብክነት ይመስላል፤ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ነው። ሁለቱም መተንፈሻ ቀዳዳ አላቸው። ግለው ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ውስጣቸው ያለው አየር ይኮማተርና በዚያ ቀዳዳ ውሃ ሊስቡ ይችላሉ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ይህ ከባድ ነው። ውስጡ ያሉት ስስ የፍሪሲዮን ሽፋኖች የተለጠፉት በሙጫ ነው፤ ውሃ ሙጫውን ያላቅቀዋል። ስለዚህ ዘይታቸው ይታይ፤ ቀለሙ ከተለወጠ ይቀየር።

ሞተሩ ተነስቶ «ሠራ» ከተባለስ? አይቸኩሉ። በትንሹ የተጣመመ ቢዬላ ሳምንታት ሊሠራ ይችላል። ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን ቀዶ ይወጣል። በየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ያስለኩ፤ የሞተሩን አየር የማመቅ አቅም የሚለካ ቀላል መሣሪያ አለ። የአንዱ ንባብ ከሌሎቹ ዝቅ ካለ ቢዬላውን ይጠርጥሩ።

ውስጡን ማድረቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከምንጣፉ በታች ውሃ የሚይዝ ወፍራም ስፖንጅ አለ፤ ላዩ ደርቆ ሥሩ ለሳምንታት ረጥቦ ይቆያል። ወንበር ወርዶ ምንጣፉ ሙሉ በሙሉ ይነሳ፤ ፀሐይ በክረምት ስለማይታመን ቬንትሌተር ይብራበት። ወንበር ሥር ያሉትን ቢጫ ሶኬቶች ልምድ የሌለው ሰው አይንቀላቸው፤ የኤርባግ መስመሮች ናቸው።

ስንት ይፈጃል? በብር ብጽፍልዎ ሳይቆይ ያረጃል፤ በተለይ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ መወሰን ከጀመረ የመለዋወጫ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ስለዚህ መለኪያችን አንድ የዘይት ቅያሪ ይሁን። ቁልፉን ሳይነኩ ያስገፉት መኪና ከሁለት እስከ ሦስት የዘይት ቅያሪ፣ አንድ የአየር ማጣሪያና የመካኒክ የእጅ ዋጋ ይጨርሰዋል። ቢዬላ ከተጣመመ ግን ሞተር ይወርዳል። ቢዬላ፣ ብሮንዚን፣ ጓርኒሲዮን፣ የቶርኖ ቤት ሥራ፣ ከዚያ መልሶ መግጠም አለ። ይህ ያው የዘይት ቅያሪ በብዙ አሥር ሲባዛ ነው።

ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መቀየር አንዳንዴ ከማደስ ይረክሳል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ብዙዎች የሚሄዱት ለዚህ ነው። ግን ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር መኖሩን አይርሱ። ሕጋዊ ሰነዱን ሳይቀበሉ ሞተር ከገዙ፣ ዛሬ ያተረፉትን መኪናውን ሲሸጡ ይከፍሉታል።

ኢንሹራንሱስ? ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን እርስዎ በሌላው ላይ ያደረሱትን ጉዳት እንጂ የራስዎን መኪና አይሸፍንም። ሙሉ ሽፋን ካለዎት ውሉን አውጥተው «ጎርፍ» የሚለውን ቃል ይፈልጉ፤ ከተሸፈኑት ይሁን ከተገለሉት መካከል ቦታው ወሳኝ ነው። የሜካኒካል ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋን ውጪ ነው። ስለዚህ ገማቹ «ሞተሩ የተሰበረው በጎርፉ ነው ወይስ ከጠፋ በኋላ በማስነሳት?» ብሎ ቢጠይቅ አይግረምዎ። ያነሷቸው ፎቶዎች የሚጠቅሙት እዚህ ነው። ገማቹ ሳያይ መኪናውን አያስፈቱ።

የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ደግሞ በዝተዋል። እነዚህ አየር የሚስብ ሞተር ስለሌላቸው የቢዬላ ጣጣ አይነካቸውም። ባትሪያቸውም ታሽጎ ነው የሚሠራው። ነገር ግን መኪናው ቆሞ ውሃ ከዋጠው ቻርጅ አያድርጉት፤ ብርቱካናማ ገመዶቹንም አይንኩ። ውሃ የገባበት ባትሪ ከቀናት በኋላም እሳት ሊያነሳ ስለሚችል፣ ባለሙያ እስኪያየው ከቤትና ከሌላ መኪና ራቅ አድርገው ያቁሙት።

ሳይጠፋብዎ ከውሃው የወጡ ከሆነስ? ፍሬኑን ቀስ ቀስ እያሉ እየረገጡ ጥቂት ይንዱ፤ በሙቀቱ ይደርቃል። እርጥብ ፍሬን መኪናውን በጊዜ አያቆምም።

መስከረም ላይ ያገለገለ መኪና ሊገዙ ካሰቡ፣ ጎርፍ አግኝቶት እንደሆነ ለማወቅ የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ያውጡት። ሻጭ ወንበር ያሳጥባል፣ ሽቶ ይረጫል፤ ቀበቶው ጫፍ ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር ግን ብዙዎች ይረሱታል። መስመሩን ካዩ በዋጋ አይከራከሩ፤ ሌላ መኪና ይፈልጉ።