ከአረካ እስከ ጫሞ፤ ሐይቅንና አራዊትን ስለ መመልከት

የዕረፍት ጊዜ በደረሰ ቍጥር እኛ ከአረካና ከአካባቢዋ የመጣን ተማሪዎች ስለ ላንጋኖና ስለ ቢሾፍቱ ስናወራ እንገኛለን፤ ዓባያን ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ዓባያና ወደ ጫሞ የሚወርድ ሰው ምን እንደሚያይ፥ ያየውም ነገር ስለ ምን እንዲህ እንደ ሆነ በጥቂቱ ለመግለጽ አስበናል።

መንገዱ ከአረካ ወደ ሶዶ፥ ከሶዶም ሁምቦን አልፎ በዓባያ ምዕራባዊ ዳር ወደ አርባ ምንጭ ይደርሳል። ከከተማው ከፍታ ላይ ቆመው ሲመለከቱ ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ፤ የሚለያቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጠባብ ተራራማ መሬት ነው። እንግዳን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደንቀው የመልካቸው ልዩነት ነው። ጫሞ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ዓባያ ግን ቀላ ያለ ቡናማ ነው።

ምክንያቱ ከደጋው ታጥቦ የሚወርደው አፈር ነው። ብላቴና ሐመሳን የመሳሰሉት ወንዞች ከወላይታና ከጎረቤት አገሮች ደቃቅ አፈር እየጠረጉ ወደ ዓባያ ያስገባሉ። ሐይቁ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ ለስፋቱ ትንሽ ስለ ሆነ፥ ነፋስ በተነሣ ቍጥር ጭቃው ይናወጣል እንጂ ረግቶ አይቀመጥም። በደፈረሰ ውሃ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን ርቆ አይገባም፤ ብርሃን ከሌለ በዓይን የማይታዩት የውሃ ዕፀዋት አይበዙም፤ እነርሱም ካነሱ የቆሮሶ ምግብ ያንሳል። ቆሮሶ ሲጎድል ደግሞ እርሱን የሚያድነው ናይል ፐርች፥ ከዚያም አዞውና ዓሣ በሉ ንስር ይቸገራሉ። ጎብኚዎች አራዊት ለማየት ጀልባ የሚሳፈሩት ይበልጡን በጫሞ የመሆኑ አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለናል።

በጫሞ ዳር የአዞ ገበያ የሚባል ስፍራ አለ፤ በዚያ ግን የሚሸጥም የሚገዛም የለም። አዞ ደሙን በራሱ የማያሞቅ ፍጥረት ስለ ሆነ ማለዳ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ሙቀቱ ሲበዛበት አፉን ከፍቶ ይተኛል፤ ተመልካቹ ሊበላኝ ነው ብሎ ይደነግጣል፥ እርሱ ግን ላብ ስለሌለው ሰውነቱን በአፉ ማቀዝቀዙ ነው። ጉማሬ በበኩሉ ቀን በውሃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ሣር ለመጋጥ ይወጣል፤ በየብስ የበላውንም በፋንድያው ወደ ሐይቁ ይመልሳል። ጀልባ ነጂው ከጉማሬው ርቆ ሲቆም ፈሪ ነው ማለት አይገባም። አዞን የምናይበት ርቀት ለጉማሬ አይበቃምና።

ስለ ዓሣው ስንናገር፥ ብዙ ሰው አርባ ምንጭ ወርዶ ዓሣ ጥብስ በልቶ ይመለስና ሐይቁን አየሁ ይላል። በጫሞ ናይል ፐርች ከ100 ኪሎ በላይ እስኪመዝን ድረስ ያድግ ነበር። ይሁን እንጂ መረቡ እየበዛ፥ ዓይኑም እየጠበበ ስለ ሄደ፥ ዓሣው ገና ሳይወልድ ይያዝ ጀመር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ምርቱ በጣም ወደቀ።

ከሐይቆቹ ማዶ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አለ። የሜዳ አህያ ብዙዎችን ይስባል፤ እኛን የሳበን ግን አንዲት ወፍ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ተመራማሪዎች በዚያ የሞተች በሌሊት የምትበር ወፍ አግኝተው ሊያተርፉ የቻሉት አንድ ክንፍ ብቻ ሲሆን፥ በ1995 በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዘር ተብላ ተመዘገበች። የላቲን ስሟም «ብቸኛ ክንፍ» የሚል ትርጕም አለው።

ወደ አረካ ስንመለስ በሁምቦ መውረድ አይቀርም። እዚያ ያሉት ኮረብታዎች ዛፋቸው ተቈርጦ ተራቁተው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ ገበሬዎቹ ከወርልድ ቪዥን ጋር ሆነው 2,728 ሄክታር መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉ። ሥራው በአብዛኛው ችግኝ መትከል አልነበረም፤ ከአሮጌው ጉቶ ከሚያቈጠቍጠው መካከል ጠንካራውን መርጦ ማስቀረት፥ ሌላውን መመልመል ነው። ሥሩ ቀድሞ በመሬት ውስጥ ስለነበረ ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል። ወደ ዓባያ የሚሄድ ሰው በዝናብ ማግስት በዚያ ቆሞ፥ ከተከለለው ኮረብታ የሚወርደውን ውሃና ከታረሰው ቁልቁለት የሚወርደውን በሁለት ብርጭቆ ቀድቶ በፀሐይ ቢያስተያይ እንወዳለን።