የገበያ ስበት፦ የሱፐርማርኬት ሰንሰለቶችና ትንንሽ የወይን ጠጅ ሱቆች

አንድ ሰው አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ለመግዛት ከቤቱ ሲወጣ፣ በቅርቡ ያለውን አነስተኛ ሱቅ አልፎ ራቅ ወዳለው ትልቅ መደብር የሚሄደው ለምንድን ነው? ጥያቄው የነጋዴዎችና የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ለዚህ ጥያቄ ከቀረቡት ቀደምት መልሶች አንዱ የተቀዳው ከፊዚክስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሱፐርማርኬት ሰንሰለቶች በአውስትራሊያና በእንግሊዝ የወይን ጠጅ ችርቻሮን እንዴት እንደለወጡት፣ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ትንንሽ ሱቆችም በምን ምክንያት እንደሚዳከሙና በምን ብልሃት እንደሚተርፉ በቀላል ስሌት እየታገዝን እንመለከታለን። በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከአንድ ሱቅ ወደ ሰንሰለት

በአውስትራሊያ ወደ ቤት የሚወሰድ መጠጥ የሚሸጥበት ሱቅ በአገሬው አጠራር «ቦትል ሾፕ» ይባላል። ዳን መርፊ የተባለ ነጋዴ በ1952 በሜልቦርን ከተማ ፕራራን በተባለው ሰፈር እንዲህ ያለ ሱቅ ከፈተ። ዉልዎርዝስ የተባለው ግዙፍ የሱፐርማርኬት ኩባንያ በ1998 ንግዱን ሲገዛው የዳን መርፊ ሱቆች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ በዚሁ ስም የሚጠሩት ሰፋፊ መደብሮች ከ250 በላይ ሆነዋል። ኩባንያው ከእነዚህ በተጨማሪ «ቢ ደብልዩ ኤስ» የተሰኙ በርካታ አነስተኛ የሰፈር ሱቆችን አቋቋመ። በ2021 የመጠጥ ንግዱን ከምግብ ንግዱ ለይቶ «ኢንደቨር ግሩፕ» የተባለ ራሱን የቻለ ኩባንያ አደረገው። ተፎካካሪው ኮልስም «ሊከርላንድ» በሚለው ስም የሚታወቅ የራሱ ሰንሰለት አለው።

የፈቃድ ሕግ ሰንሰለቶቹን ያግዳቸዋል ተብሎ ቢታሰብም የአሠራራቸውን መልክ ለወጠ እንጂ አላስቆማቸውም። ለምሳሌ በኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት በጠርሙስ የመሸጥ ፈቃድ ከሆቴል ፈቃድ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ሁለቱ ኩባንያዎች ሱቅ ለመክፈት ሲሉ የሆቴልና የመጠጥ ቤት ባለቤቶች እስከ መሆን ደርሰዋል።

በእንግሊዝ ደግሞ በ1964 የወጣ ሕግ አምራቾች የችርቻሮ ዋጋን የመወሰን ሥልጣናቸውን በአጠቃላይ ሲያነሣባቸው ሱፐርማርኬቶች በዋጋ መፎካከር ጀመሩ። ትሬሸርና ቪክቶሪያ ዋይን የተባሉት የመጠጥ ሱቅ ሰንሰለቶች በ1998 ተዋሕደው ከአንድ ሺህ በላይ ሱቆች የነበሩት «ፈርስት ክዌንች» የተባለውን ድርጅት ቢመሠርቱም፣ ይህ ድርጅት በ2009 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፈረሰ። በ2011 ደግሞ ኦድቢንስ የተባለው ዝነኛ ሰንሰለት ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ብዙ ሱቅ መያዝ ብቻውን አለማዳኑ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ስበት ሕግ እንመለስ።

የችርቻሮ ስበት ሕግ

ሁለት አካላት እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ኃይል መጠነ ቁሳቸው ሲጨምር እንደሚጨምርና በመካከላቸው ያለው ርቀት ዳግም ርቢ ሲያድግ እንደሚቀንስ ኒውተን ማስተማሩ ይታወቃል። ዊልያም ራይሊ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁለት ከተሞች በመካከላቸው ካለ አካባቢ ገበያተኛን የሚስቡት በተመሳሳይ ደንብ ነው ሲል ጻፈ፤ የመጠነ ቁስን ቦታ የያዘው የከተማው ሕዝብ ብዛት ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዴቪድ ሃፍ ሐሳቡን ወደ መደብሮች አወረደው። በሃፍ ቀመር የመጠነ ቁስን ቦታ የወሰደው የመደብሩ ስፋት ሲሆን፣ የርቀትን ቦታ የወሰደው የጉዞ ጊዜ ነው። ውጤቱም ደንበኛው ወደየትኛው መደብር የመሄድ ዕድሉ ስንት እንደሆነ ይገልጻል።

በምሳሌ እንየው። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ሱቅና 1,600 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ትልቅ መደብር በ5 ኪሎ ሜትር ተራርቀው ይገኛሉ እንበል። ሁለቱ እኩል የሚስቡበት ነጥብ የት ነው? ስፋቱን ለርቀቱ ዳግም ርቢ ስናካፍል፣ ከትንሹ ሱቅ 1 ኪሎ ሜትር፣ ከትልቁ 4 ኪሎ ሜትር ላይ ሁለቱም 100 ይሰጣሉ። ስለዚህ በመካከላቸው ካለው መንገድ ትንሹ ሱቅ የሚደርሰው አንድ አምስተኛው ብቻ ነው።

የበለጠ የሚያስገርመው ግን ከትንሹ ሱቅ በስተጀርባ የሚሆነው ነው። ከትንሹ ሱቅ ወደ ኋላ 2 ኪሎ ሜትር፣ ከትልቁ ደግሞ 7 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቤተሰብ ብንወስድ የትንሹ ስበት 25፣ የትልቁ 33 ገደማ ይሆናል። ይህ ቤተሰብ በትንሹ ሱቅ ደጃፍ አልፎ ወደ ትልቁ ይሄዳል ማለት ነው። የትንሹ ሱቅ ግዛት ከሁሉም አቅጣጫ የተከበበ ክብ ሲሆን፣ የክቡ ወገብ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ባለሱቁ የሱቁን ስፋት በእጥፍ ቢያሳድገው እንኳ በመንገዱ ላይ ያለው ድንበር ከ1 ወደ 1.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚገፋው።

የእንግሊዝ ሰንሰለቶች ለምን እንደወደቁ አንዱን ምክንያት ከዚሁ መረዳት ይቻላል። ሰውዬው ለዳቦና ለወተት ሲል ሱፐርማርኬት ውስጥ ገብቷል። የወይን ጠጁ መደርደሪያ ከእሱ የሚርቀው ጥቂት እርምጃ ነው፤ ለወይን ጠጁ ሲባል የሚጨመር ጉዞ የለም። በቀመራችን ግርጌ ያለው ርቀት ወደ ዜሮ ሲጠጋ ስበቱ ምን ያህል እንደሚያድግ አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

የብዙ ቁጥር ጥቅም

ሁለተኛው ምክንያት ከገዢው ዓይን የተሰወረ ሲሆን የሚገኘውም በመጋዘን ውስጥ ነው። ገዢዎች አንዱ ከሌላው ሳይማከር የሚመጡ ከሆነ፣ የሽያጩ መዋዠቅ የአማካዩን ዳግም ዘር ያህል ይሆናል። የሬዲዮአክቲቭ ጨረር ቆጠራ የሠራ ተማሪ ይህን ደንብ ያውቀዋል። አንድ ሱቅ ከአንድ ዓይነት ወይን ጠጅ በሳምንት በአማካይ 4 ጠርሙስ ቢሸጥ መዋዠቁ 2፣ ማለትም 50 በመቶ ነው። በአንድ ማእከላዊ መጋዘን የሚጠቀሙ 100 ሱቆች በድምሩ 400 ቢሸጡ ግን መዋዠቁ 20፣ ማለትም 5 በመቶ ብቻ ይሆናል።

ሁሉም ዕቃ እንዳያልቅባቸው የመዋዠቁን እጥፍ በመጠባበቂያነት ይይዛሉ እንበል። 100 ነጻ ሱቆች እያንዳንዳቸው 4፣ በድምሩ 400 ጠርሙስ ያስቀምጣሉ፤ ሰንሰለቱ ግን በመጋዘኑ 40 ይበቃዋል። በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ የተኛ ገንዘብ ነው። ያንኑ ሽያጭ ለማከናወን ነጻዎቹ ሱቆች ለመጠባበቂያ ዐሥር እጥፍ ገንዘብ ያስተኛሉ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ተመላሽ ግፊት ይጨመርበታል። ብዙ የሚሸጥ በርካሽ ይገዛል፤ በርካሽ የገዛ በርካሽ ይሸጣል፤ በርካሽ የሸጠ ይበልጥ ይሸጣል። ፕላኔቶች በተፈጠሩበት ዘመን በመጠን የበለጠው አካል በዙሪያው ያለውን አቧራና ድንጋይ እየሰበሰበ፣ በሰበሰበ ቁጥርም ይበልጥ እየሳበ እንዳደገ ሁሉ ማለት ነው። ሰንሰለቶቹ በዚህ አልተወሰኑም። ዉልዎርዝስ በ2011 ሴላርማስተርስ የተባለውን ድርጅት ሲገዛ በባሮሳ ሸለቆ የሚገኝ የወይን ጠጅ ፋብሪካም አብሮ እጁ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቸርቻሪው የራሱን ምርት ከሌሎች አምራቾች ምርት ጎን የሚደረድር ሆነ። መደርደሪያውን የሚመድበው እሱ፣ በመደርደሪያው ላይ የሚፎካከረውም እሱ ሲሆን፣ አነስተኛው አምራች የመደራደር አቅሙ እንደሚያንስ ግልጽ ነው።

ትንሹ ሱቅ በምን ይተርፋል?

መልሱ ትልቅነት ራሱ በሚፈጥረው ገደብ ውስጥ ይገኛል። 250 መደብሮች ያሉት ሰንሰለት አንድን ወይን ጠጅ በየመደብሩ 5 ካርቶን ለማስቀመጥ ቢፈልግ፣ በካርቶን 12 ጠርሙስ ሒሳብ 15,000 ጠርሙስ ያስፈልገዋል። አንድ ቶን ወይን በግምት 700 ጠርሙስ ይወጣዋል። ስለዚህ ከ21 ቶን በላይ ወይን ማቅረብ ያስፈልጋል፤ ያውም መደርደሪያውን አንድ ጊዜ ለመሙላት ብቻ ነው። በዓመት ጥቂት ቶን የሚያመርት ገበሬ በዚህ ወንፊት አያልፍም። ነጻው ሱቅ ግን 2 ካርቶን ገዝቶ፣ ወይኑ የበቀለበትን ኮረብታና የጠመቀውን ሰው ለደንበኛው እየነገረ መሸጥ ይችላል። በሌላ ቦታ የማይገኝ ዕቃ የያዘ ሱቅ ስበቱ በካሬ ሜትር አይለካም።

ሁለተኛው ብልሃት ኅብረት ነው። በአውስትራሊያ «ሴላብሬሽንስ» እና «ዘ ቦትል ኦ» በሚሉት ስሞች የሚሠሩ በርካታ ሱቆች ባለቤቶቻቸው የተለያዩ ናቸው፤ ዕቃ የሚያቀርብላቸው ግን ሜትካሽ የተባለው የጅምላ አከፋፋይ ነው። በዚህም የመጋዘንን ጥቅም ያለ ሰንሰለት ባለቤትነት ይጋራሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

የስበት ቀመሩ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ሰው እንደ ድንጋይ በኃይል ብቻ አይሳብም፤ ርቀቱ በዳግም ርቢ ነው ወይስ በሌላ ርቢ የሚሠራው የሚለውም እንደ ቦታውና እንደ ዕቃው ዓይነት በመረጃ የሚወሰን ነው። የፕላኔቶችን ምሕዋር በዐዋጅ መለወጥ አይቻልም፤ የፈቃድ፣ የውድድርና የከተማ ፕላን ሕጎች ግን በሰው እጅ ናቸው።

ጉዳዩ እኛንም ይመለከተናል። በአገራችን «ግሮሰሪ» ስንል የምንረዳው የምግብ ሸቀጥ መደብርን ሳይሆን መጠጥ የሚሸጥበትንና የሚጠጣበትን አነስተኛ ቤት መሆኑ፣ ንግዳችን የራሱ መልክ እንዳለው ያሳያል። ለረጅም ጊዜ ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ተከልሎ የቆየው የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ትልልቅ መደብሮች ዋጋን ሊያረጋጉና የዕቃ ጥራትን ሊያሻሽሉ ይችላሉ፤ በሌላ በኩል በየሰፈሩ ያለው ባለሱቅ በዱቤ የሚሰጠውን ስኳርና ዘይት የሚተካ የለም። ዱቤ በሃፍ ቀመር ውስጥ ቦታ የለውም፤ ለብዙ ቤተሰብ ግን ከካሬ ሜትር የበለጠ ክብደት አለው።

አንባቢ በሰፈሩ ያሉትን ሱቆች ስፋትና ርቀት ለክቶ፣ ጎረቤቶቹ በእርግጥ የት እንደሚገዙ ጠይቆ ውጤቱን ከቀመሩ ጋር ቢያነጻጽር ጥሩ የመስክ ሥራ ይሆነዋል። ቀመሩ የተሳሳተበት ቤት ሲገኝ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል፤ ምክንያቱም ትንሹን ሱቅ የሚያቆየው ነገር የሚገኘው እዚያ ነው።